በልጄ እጅጌ ውስጥ የቀረው ወረቀት

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ አላውቅም። ባቲ ላይ ከሰባተኛ አቋርጬ የስፌት መኪና ላይ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ይሁንና ዘንድሮ፣ ሀርጌሳ ውስጥ፣ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ግቢ፣ የሒሳቡን ፈተና ከልጄ ይልቅ የተፈተንኩት እኔ ነኝ ብል የሚከራከረኝ የለም። ሚስቴ ዘይነባ እንኳ መፈተኔን አትክድም፤ መውደቄን ጨምራ ትናገራለች እንጂ።

ፈሪ መሆኔን ከወዲሁ ልንገራችሁና እንገላገል። ለትሕትና ብዬ አይደለም። ስልኬ በማላውቀው ቁጥር ሲጠራ አላነሳም፤ ሲያቆም ደግሞ «ማን ሞቶ ይሆን» እያልኩ እውላለሁ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ካየሁ ሳላነበው እደነግጣለሁ፤ ባነበውም አይገባኝምና ጊዜ መቆጠቤ ነው። በሰው አገር ለሚኖር ሰው ፍርሃት እንደ መታወቂያ ነው፤ ቤት ጥሎት አይወጣም።

ማሕሙድ ሃይቤ በሚባለው የሀርጌሳ ሰፈር አንዲት ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት አለችኝ። ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ የጠበበውን አሰፋለሁ። ከሦስት ልጆቼ ትልቋ ሀያት ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። ሶማሊኛውን ከሰፈሩ ልጆች እኩል ትናገራለች። ሒሳብ ላይ ደግሞ በእኔም በእናቷም ዘር ያልታየ ነገር አላት። ከአንድ ጣቃ ጨርቅ ስንት ቀሚስ እንደሚወጣ እኔ ለክቼ፣ በጠመኔ አስምሬ፣ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ የምደርስበትን እሷ ቁርሷን እየበላች ትነግረኛለች። ልክ መሆኗን የማውቀው ጨርቁን ቆርጬ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ነገሩ የጀመረው በወላጆች ስብሰባ ነው። አምና ትምህርት ቤቱ በስምንተኛ ክፍል ፈተና ክፉኛ ወድቆ ነበር። ምክትል ርእሰ መምህሩ መዓሊም ማህዲ (እዚህ መምህርን መዓሊም ይላሉ) ፊታችን ቆሞ ለረጅም ሰዓት ተናገረ። ሰውየው ደንበኛዬ ነው፤ ሱሪዎቹን ሁሉ የምሰፋለት እኔ ነኝ። የእኔ ሶማሊኛ ግን የሥራ ሶማሊኛ ነው፤ «ይጥበብ? ይስፋ? ሐሙስ ና» ከማለት አያልፍም። ከንግግሩ ሁሉ ጥርት ብሎ የገባኝ አንድ ቃል ነበር፤ «ወርቀድ»። ወረቀት ማለት ነው። ከእኛው ቃል ጋር የአንድ እናት ልጆች ይመስሉኛል። መዓሊም ማህዲ «ወርቀድ» ባለ ቁጥር በጣቱ አየር ላይ አንድ ነገር ይሰርዛል። እኔም በሰረዘ ቁጥር ወንበሬ ላይ እኮማተራለሁ።

ቤት ስንገባ ሀያትን ጠየቅኳት።

«ፈተና ክፍል ወረቀት ይዞ የተገኘ ይባረራል ነው ያለው» አለችኝ። «ውጤቱ ሁሉ ይሰረዛል። የትምህርት ቤቱም ስም ይጻፋል። ዘንድሮ ከትምህርት ቢሮ ተቆጣጣሪ ይመጣል።»

«አንቺ ወረቀት አትያዢ።»

«አባ፣ እኔ ምን አደርግበታለሁ?»

«ብቻ አትያዢ።»

ይህን ምክር በየቀኑ እሰጣት ነበር። ጠዋት «አሰላሙ ዓለይኩም» ከማለቴ በፊት «ወረቀት አትያዢ» እላለሁ። ዘይነባ «ልጅቷን በወረቀት ልታሳብዳት ነው» እስክትለኝ ድረስ።

የሒሳቡ ፈተና ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ሀያት የዩኒፎርሟ እጅጌ ማጠሩን ነገረችኝ። ስትጽፍ ክንዷ ይወጣል፤ እጅጌዋን ወደ ታች ስትጎትት ሐሳቧ ይበተናል። የልብስ ሰፊ ልጅ እጅጌ አጠራት ማለት የሐኪም ልጅ በጉንፋን ሞተች እንደማለት ነው። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ሥራ ትቼ አዲስ ዩኒፎርም ሰፋሁላት። እየሰፋሁ ዱዓ አደርጋለሁ፤ ዱዓ እያደረግሁ ተቆጣጣሪው ይታየኛል፤ ተቆጣጣሪው ሲታየኝ ክሩ ይበጠሳል።

እዚህ ላይ ስለ ሥራዬ ትንሽ ልንገራችሁ። በእጅጌው ጫፍ ዙሪያ የሚገባውን ድርብ ጨርቅ ከመቁረጤ በፊት ልኩን በወረቀት አወጣለሁ። ወረቀቱን ጨርቁ ላይ በስፒል እይዝና ዙሪያውን እቆርጣለሁ። ከዚያ ወረቀቱ ይነሳል፣ ጨርቁ ይሰፋል። ሃያ ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው። ወረቀቱ ይነሳል። ለዚህ የምጠቀመው ብዙ ጊዜ የሀያትን አሮጌ ደብተሮች ነው፤ ጠንካራ ወረቀት አላቸው።

ጠዋት ለብሳው ወጣች። እንደ ሙሽራ ሚዜ ቀጥ ብሎ የተተኮሰ ዩኒፎርም ነበር። ከበሩ ላይ ሆና ክንዷን ዘርግታ አየችው፤ «አምሮብኛል፣ አባ» አለችና ሄደች። እኔ «ወረቀት አትያዢ» አልኩ፤ ከኋላዋ ሮጬ ጭምር።

ሱቄን ከፍቼ ወለሉን ስጠርግ የትናንቱን የእጅጌ ልክ አገኘሁ። ግራውን። በላዩ ላይ የሀያት ጽሑፍ ሞልቶታል፤ ሦስት ማዕዘን፣ ክብ፣ ቁጥር በቁጥር ላይ። የቀኙን ፈለግሁ። መኪናው ሥር የለም። ቁርጥራጭ ጨርቅ የማስቀምጥበትን ማዳበሪያ ገለበጥኩ፤ የለም። ጫማዬን አወለቅሁ። ቴርሞሱን ከፍቼ አየሁ፤ ለምን እንደሆነ አሁንም አላውቅም። ከዚያ ቀስ ብሎ ገባኝ። ወረቀቱ አልተነሳም። የቀኝ እጅጌው ልክ ሀያት ክንድ ላይ፣ በሁለት ጨርቅ መካከል፣ በእኔ እጅ ተሰፍቷል። ሀያት ደግሞ የሒሳብ ፈተና ላይ ተቀምጣለች።

ቀድሞ የታየኝ ልጄ ከክፍል ስትወጣ ነው። ቀጥሎ የትምህርት ቤቱ ስም ሲጻፍ፣ ቀጥሎ እኔ «ይህን የሰፋው ማነው» ተብዬ ስጠየቅ፣ ቀጥሎ አምስታችን ሻንጣ ይዘን ወደ ድንበር ስንሄድ ታየኝ። ይህ ሁሉ ሲታየኝ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ፈሪ ሰው ሩቅ ያያል፤ ችግሩ ሌላ ምንም አለማየቱ ነው።

ሱቁን ሳልዘጋ ወጥቼ ባጃጅ አስቆምኩ። ከተቀመጥኩ በኋላ ነው አንገቴ ላይ የልብስ ሜትር፣ ቀኝ እጄ ላይ ትልቁ መቀስ እንዳለ ያስተዋልኩት። ባጃጅ ነጂውም አስተውሏል። መስተዋቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ ከመንገዱ ይልቅ መቀሱን እያየ ነው የነዳው። መንገድ መሐል የቆሙ ፍየሎችን እንደነገሩ አለፋቸው።

ዘይነባ ጋ ደወልኩ። ገበያ ላይ ሻሽ ትሸጣለች። የሆነውን ነገርኳት።

«ወደ ሱቅህ ተመለስ» አለችኝ።

«ቢያገኙባትስ?»

«ማን ያገኘዋል? የተሰፋ ነገር ማን ያያል? አርፈህ ተቀመጥ፤ ማታ እንፈታዋለን።»

«ድምፅ ያሰማል። ወረቀት ነው።»

«ካንተ የባሰ ድምፅ አያሰማም» አለችና ዘጋችው። ይህን ንግግር በኋላ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ።

የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጺሙን ሒና የተቀባ ዘበኛ ተቀምጧል። ፈተናው ከተጀመረ አንድ ሰዓት ሊሞላው ነው። ግቢው ጭጭ ብሏል፤ ያን ያህል ልጅ ይዞ ጭጭ ያለ ቦታ ያስፈራል። ዘበኛው መጀመሪያ መቀሱን አየና ከወንበሩ ተነሳ። መቀሱን ለሰላም ብዬ አቀበልኩት። እንደዚያ ሳደርግ ጫፉ ወደ እሱ መዞሩን ልብ አላልኩም፤ ጠንቀቅ ብሎ ተቀበለኝ።

ልለው የፈለግሁት ይህ ነው፦ «አዴር፣ በልጄ እጅጌ ውስጥ ሳላውቅ ወረቀት ሰፍቼበታለሁ፤ እሷ የምታውቀው የለም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።» አዴር አጎቴ ማለት ነው፤ እሱን እችላለሁ። ለቀሪው የነበሩኝ ቃላት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ልጄ፣ እጅ፣ ወርቀድ። በዚሁ ቅደም ተከተል አልኳቸው። አልገባው እንዳይሆን ብዬ ደገምኩለት፤ የራሴን እጅጌ ይዤም አሳየሁት።

ሽማግሌው በደንብ ገባው። በሕይወቴ ሶማሊኛዬ እንደዚያ ቀን ጥርት ብሎ የገባው ሰው አላየሁም። ፊቱ ላይ ሐዘን መጣ፤ ገዛ ልጁን የሚያጋልጥ አባት ምን ያህል ሐቀኛ ቢሆን ነው ብሎ ሳያደንቀኝ አልቀረም። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ወደ ቢሮው ተራመደ።

«ሱግ» አልኩት። ቆይ ማለት ነው። «ሱግ፣ አዴር፣ ሱግ።» አልቆመም። ሐቀኝነቴን ሳልጸጸት ሊያደርስልኝ ቸኩሏል።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተከፍቶ ወደ ውስጥ ጠሩኝ። ግቢው መሐል፣ አንዲት ጥላዋ የሳሳ ዛፍ ሥር አራት ሰዎች ቆመዋል። ከትምህርት ቢሮ የመጣው ተቆጣጣሪ፤ ቀጭን፣ ደረቅ፣ ደብተር የያዘ ሰው። መዓሊም ማህዲ፤ ፊቱ የዱቄት መልክ ይዟል። ሂቦ የምትባል ፈታኝ መምህርት። በመካከላቸው ሀያት፣ ቀኝ እጇን ከሰውነቷ አርቃ። ስታየኝ አልገረማትም። እሱ ይበልጥ አመመኝ።

ሂቦ በአማርኛ አናገረችኝ። ጅግጅጋ ነው ያደገችው። አገሬ ላይ እንኳ አማርኛ ሰምቼ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ደስታዬ ግን ዕድሜው አጭር ነበር።

«ልጅህ ወረቀት ደብቃለች ብለህ ነው የመጣኸው?»

«አልደበቀችም። እኔ ነኝ የሰፋሁት።»

ይህን ለተቆጣጣሪው ተረጎመችለት። በሶማሊኛ ሲነገር የባሰ መሰለኝ። ሰውየው ደብተሩን ከፈተ።

«ረስቼው ነው» አልኩ ቶሎ። «የልክ ወረቀት ነው። ከአሮጌ ደብተሯ የቆረጥኩት። እሷ አታውቅም። ወላሂ አታውቅም።»

«ደብተሩ የምን ነው?» አለ ተቆጣጣሪው በሂቦ በኩል።

መዋሸት ነበረብኝ። የጂኦግራፊ ነው ማለት ነበረብኝ። «የሒሳብ» አልኩ።

መዓሊም ማህዲ ዓይኑን ጨፈነ።

ሂቦ መቀሴን ተከትሎኝ ከገባው ዘበኛ ተቀበለች። ሀያትን ወደ ጥላው አስጠግታ የእጅጌውን ስፌት በጫፉ መፍታት ጀመረች። አጥብቄ ነበር የሰፋሁት። ለፈተና ብዬ ድርብ አድርጌዋለሁ። አንድ ክር ሲበጠስ አንድ ደቂቃ ያልፋል፤ እያንዳንዱ ደቂቃ የሀያት ነው። እኔ «በዚህ በኩል ቢሆን ይቀላል» ስል ተቆጣጣሪው እንድርቅ በእጁ አመለከተኝ።

ወረቀቱ ወጣ። ሂቦ ዘረጋችው። ሦስት ማዕዘን የለበትም፤ ክብም የለበትም። የሀያት ጽሑፍ ሳይሆን የእኔ ነው። አስታወስኩ፤ የሀያት ደብተር አንዱን እጅጌ ቆርጬ ስጨርስ አለቀብኝና ለቀኙ የደንበኞቼን ልክ ከምጽፍበት ደብተር አንድ ቅጠል ገንጥዬ ነበር። «አልሃምዱሊላህ» አልኩና መሬት ላይ ቁጢጥ አልኩ።

ቁጢጥ ያልኩት በከንቱ ነው። ተቆጣጣሪው ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ላይ አየው፣ ወደ ታች ገለበጠው። የማያውቀው ፊደል፤ በመካከሉ ግን ቁጥሮች። የሒሳብ ፈተና ላይ፣ እጅጌ ውስጥ የተሰፋ፣ በማይታወቅ ፊደል የተጻፈ ቁጥር። የሰውየው ቅንድብ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አምባሳደር ነበር የምጠራው።

«አንብበው» አለችኝ ሂቦ።

ወረቀቱን ያዝኩ። አንድ ጊዜ በዓይኔ አለፍኩት። ልብስ ሰፊ ስለ ደንበኛው የሚጽፈውን ደንበኛው ማየት የለበትም። እኔም አንድ ቀን ይነበባል ብዬ አልጻፍኩትም።

«ማህዲ። ሱሪ። ወገብ መቶ አራት» አልኩና አቆምኩ።

«ቀጥል።»

«የቀረው የሥራ ምልክት ነው።»

ሂቦ በትከሻዬ በኩል ወረቀቱን አየች። አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። «ወንድሜ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ ፊደሉን ተምሬዋለሁ። እስከ መጨረሻው አንብበው። ካልሆነ ሰውየው የፈተና መልስ ነው ብሎ ይጽፋል።»

ሀያትን አየኋት። ሰዓቷን እያየች ነው። አነበብኩት።

«ማህዲ። ሱሪ። ወገብ መቶ አራት። አምና ዘጠና ስድስት። ጠበበኝ ይላል። ሱሪው ያው ነው፤ እሱ ነው የሰፋው። እንዳይነገረው።»

ሂቦ አንድ ቃል ሳታጎድል ወደ ሶማሊኛ መለሰችው። ዘበኛው ሳል አመጣ። መዓሊም ማህዲ ወደ ታች ቀበቶውን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ፤ ከዚያ ሩቅ፣ ከግቢው አጥር ውጭ አየ። ተቆጣጣሪው ግን አልሳቀም። የማይስቅ ሰው ምን እንደሚያስብ አይታወቅምና ከሁሉም እሱ ነው የሚያስፈራው። በብዕሩ አንገቴ ላይ ያለውን ሜትር አመለከተ።

«ይለካው ይላል» አለች ሂቦ። «ቁጥሩ እውነት የወገብ ልክ ከሆነ ይታያል።»

የትምህርት ቤት ምክትል ርእሰ መምህር፣ በራሱ ግቢ፣ በፈተና ቀን፣ ክንዱን ወደ ጎን ዘርግቶ ቆመ። ሜትሩን አዞርኩበት። አነበብኩ። ዓይኔን ጠርጌ እንደገና አነበብኩ። መቶ ስድስት።

ልኩን ከወሰድኩ ብዙ ሳምንት ሆኖታል፤ ሰውየው ደግሞ ቁርሱን በልቷል። ይህን በሦስት ቃል ሶማሊኛ እንዴት አስረዳለሁ? ተቆጣጣሪው አጎንብሶ እየመጣ ነው። መቶ ስድስት መቶ አራት አይደለም፤ መቶ አራት ካልሆነ ወረቀቱ ልክ አይደለም፤ ልክ ካልሆነ መልስ ነው።

መዓሊም ማህዲም ቁጥሩን አይቶታል። ቀና ብሎ አላየኝም። ሀያትን ነው ያየው፤ በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ የሆነችውን፣ ዘንድሮ ተስፋ ያደረገባትን። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ። ሆዱ ገባ። ሜትሩ በጣቴ መካከል ተንሸራተተና መቶ አራት ላይ ቆመ።

ተቆጣጣሪው ጠጋ ብሎ አነበበ። ሊጽፍ ሲል ብዕሩ አልጽፍ አለው። ነቀነቀው። እፍ አለበት። መዓሊም ማህዲ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ጠየመ፤ ግንባሩ ላይ ሥር ወጣ። እኔ ሜትሩን ይዤ ከእሱ ጋር ትንፋሼን ይዣለሁ። ብዕሩ በመጨረሻ ጻፈ። ተቆጣጣሪው ደብተሩን ዘግቶ ሁለት ነገር ተናገረ፤ ሂቦ ተረጎመችልኝ። ልጅቷ ወደ ክፍሏ ትመለስ፤ ሰዓት ግን አይጨመርላትም።

ሀያት አንድ እጅጌዋ እንደተንጠለጠለ ሮጠች። መዓሊም ማህዲ ተነፈሰ።

እስክትወጣ ድረስ ከበሩ ውጭ ጥላ ሥር ቆምኩ። ጥቂት ቆይቶ መዓሊም ማህዲ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት በእጁ ተው አለኝ። ቀስ ባለ፣ እኔን በሚገባኝ ሶማሊኛ፣ አምና ውጤቱ የመጣ ቀን ከቤቱ እንዳልወጣ ነገረኝ። ተማሪዎቹ መንገድ ላይ እንዳያገኙት ብሎ። «እኔም እንደዚያው ነኝ» ልለው ፈልጌ ቃሉ አልነበረኝም፤ ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም የክፍሉን መስኮት እያየን ቆምን። ብቻዬን ከመፍራት ይሻል ነበር።

ደወሉ ተደውሎ ሀያት ስትወጣ ስንቱን እንደሠራች ጠየቅኋት። ሁለት ጥያቄ ሳትደርስበት ሰዓቱ አልቋል። ባጃጅ ውስጥ ገብተን ትንሽ ከሄድን በኋላ የተፈታውን እጅጌ ያዝኩ።

«መቼ ነው የሰሙት? ድምፁን?» አልኳት።

«ማንም አልሰማም» አለች። «ዘበኛው እስኪመጣ ድረስ ደህና እየሠራሁ ነበር።»

«አንቺስ አልሰማሽም?»

ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ መለሰችልኝ። «ጠዋት ስለብሰው ሰምቻለሁ፣ አባ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«በር ላይ ቆመህ ስታየኝ ደስ ብሎህ ነበር። ፍታው ብልህ ቀኑን ሙሉ ስትፈራ ትውላለህ ብዬ ነው። ክንዴን ጠረጴዛው ላይ ሳላስነካ ልጽፍ ነበር ያሰብኩት። እየቻልኩም ነበር።»

ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ እሷን የምጠብቃት እኔ ነኝ ብዬ አስብ ነበር። እጇን ያዝኩ፤ ቤታችን እስክንደርስ አለቀቅኳትም።

ውጤቱ በስልክ የሚታይበት ቀን እኔ ከተሰቀሉት ዩኒፎርሞች ጀርባ ገብቼ ካውያ የጠፋብኝ መሰልኩ። ሀያት ራሷ ቁጥሯን አስገብታ አየች። አልፋለች። ሒሳቡ ከሌሎቹ ትምህርቶቿ ዝቅ ብሏል፤ ሰዓት ያለቀባት ሁለቱ ጥያቄዎች ናቸው፤ እሱን ማንም ሳይነግረኝ አውቄዋለሁ። ትምህርት ቤቱም ከአምናው ተሻለ። መዓሊም ማህዲ ያን ቀን በሱቄ በኩል ሲያልፍ አይቼዋለሁ፤ መንገዱ መሐል ለመሐል፣ ለሰው ሁሉ ሰላምታ እየሰጠ።

«ልጅቷስ አለፈች» አለች ዘይነባ። «አንተን ግን ማን ያሳልፍህ?»

ሁለተኛዋ ልጃችን ስድስተኛ ክፍል ናት። ምሳ እየበላን ከእህቷ ጋር ተንሾካሾከችና ወደ እኔ ዞረች። እሷ ስምንተኛ ደርሳ በምትፈተንበት ሳምንት ባቲ ሄጄ እዚያ ያለውን አጎቴን ብጠይቅ ጥሩ እንደሆነ፣ እሱም ከናፈቅሁት ብዙ ጊዜ እንደሆነው፣ በትሕትና አስረዳችኝ። እያሰብኩበት ነው።